ለልጃችሁ ሁለት ወይም ሦስት የመሃል ስም ልታወጡ ካሰባችሁ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሁን። ቅጹን የሚሞላው ግን መልአኩ አይደለም። እናንተ ናችሁ፣ ያውም እንቅልፍ ካያችሁ ሦስት ቀን ሆኗችሁ፣ በአንድ እጃችሁ ሕፃን ታቅፋችሁ።

እኛ ለልጃችን ሁለት የመሃል ስም አወጣንላት። አንዱ የአያቴ ስም ነው። ሌላውን ባለቤቴ ገና ተማሪ ሳለች ጀምሮ «ሴት ልጅ ከወለድኩ» እያለች ያስቀመጠችው ነው። አልተጸጸትንም። ግን ዛሬ እንደ አዲስ ብንጀምር የምናስተካክለው ነገር አለ፣ እሱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ቃሉ ላይ እንግባባ። የመሃል ስም ስል፣ ብዙ ሰው ሚድል ኔም የሚለውን ማለቴ ነው፣ የአባትን ስም አይደለም። በመጠሪያ ስሙና መጨረሻ ላይ በሚመጣው የቤተሰብ ስም መካከል የሚገባ፣ ለልጁ ለራሱ የወጣ ተጨማሪ ስም። አንድም ሊሆን ይችላል፣ አራትም።

ስም ስለበዛ ልጅ አይጎዳም። የሚጎዳው አንዱ ወረቀት ላይ ሦስቱም ተጽፎ፣ ሌላው ላይ ሁለቱ ብቻ፣ ሌላው ላይ ደግሞ አንዱና አንዲት ፊደል ሲሆን ነው። ያኔ ልጃችሁ ወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። እዚህ የምላችሁ ነገር በሙሉ ይህ እንዳይመጣ ነው።

ስም ሳትመርጡ ሕጉን ጠይቁ

ልጁ የሚመዘገብበት አገር ስንት ስም እንደሚፈቅድ ቀድማችሁ እወቁ። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው መዝጋቢው መስኮት ጋ ቆሞ ነው። አገሮቹ ደግሞ በጣም ይለያያሉ። ፖርቱጋል ውስጥ ሙሉ ስም ከስድስት ቃል አይበልጥም፤ ቢበዛ ሁለቱ የልጁ፣ አራቱ የቤተሰብ ናቸው። አይስላንድ ለልጁ የሚወጣው ስም ከሦስት እንዲያልፍ አይፈቅድም። ስፔን ወይ ሁለት ነጠላ ስም ወይ አንድ ጥምር ስም ነው፣ በቃ። ጀርመን ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ አሥራ ሁለት ስም ማስመዝገብ ፈልጋ ነገሩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነበር፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አምስቱ ይበቃል ተባለች። አሥራ ሁለት! እኔ ሁለቱን ለመምረጥ ስንት ወር ፈጅቶብኛል።

እንግሊዝና አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቁጥሩ ላይ ብዙም አይጨነቁም። እዚያ የሚያስቸግራችሁ የኮምፒውተሩ ሳጥን ነው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሌላው፣ «የመሃል ስም» የሚለው ነገር ራሱ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ለልጁ የወጡት ስሞች በሙሉ እኩል መጠሪያ ናቸው። ልደት መዝገቡ ላይ በነጠላ ሰረዝ እየተለያዩ ይሰለፋሉ፣ ሕጉም ከመካከላቸው የፈለጋችሁትን የዘወትር መጠሪያ እንድታደርጉ ይፈቅዳል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ልጁ ወረቀት ላይ ሦስት ስም ኖሮት ቤት ውስጥ በአራተኛ ስም ቢጠራ ማንም አይገረምም፤ ለዚያ ለቤቱ ስም የራሱ ቃል አላቸው። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ የመሃል ስም ሲሉ ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ ስም የሆነን ነገር ነው፣ ለምሳሌ የእናቲቱን። ስለዚህ ቅጹ ላይ ያነበባችሁት ቃል እናንተ የምታስቡትን ላይሆን ይችላል። ሳታፍሩ ጠይቁ።

ፊደል መቁጠር

ይሄ ክፍል አሰልቺ ነው። አትዝለሉት ግን፣ ከሁሉም የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው።

ፓስፖርታችሁን አውጡና የፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ። ማሽን የሚያነባቸው ናቸው። ላይኛው መስመር 44 ቦታ አለው። አምስቱን የሰነዱ ዓይነትና የአገሩ ኮድ ይወስዱታል፤ ለስም የሚተርፈው 39 ነው። የቤተሰብ ስም፣ መጠሪያ፣ የመሃል ስሞች፣ በየመካከላቸው ያሉት ምልክቶች ሳይቀሩ እዚያ 39 ውስጥ መግባት አለባቸው። ካልገቡ ይቆረጣል። ይህ ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሆነ የየትኛውም አገር ፓስፖርት ቢሆን ያው ነው።

እንቁጠር። የቤተሰብ ስሙ 11 ፊደል ነው እንበል፣ መጠሪያው 7፣ አንደኛው የመሃል ስም 9፣ ሁለተኛው 8። ከቤተሰብ ስሙ ቀጥሎ ሁለት ምልክት ይገባል፣ በሌሎቹ መካከል አንድ አንድ። ሲደመር ልክ 39። አንዲት ፊደል ብትጨምሩ ከጫፍ ይቆረጣል። እነዚህ ደግሞ የተጋነኑ ስሞች አይደሉም፣ መካከለኛ ናቸው።

በዚያ ላይ አገሮች የየራሳቸው ጠባብ ሳጥን አላቸው። የእንግሊዝ ፓስፖርት ለመጠሪያና ለመሃል ስሞች በአንድ ላይ 30 ቦታ ይሰጣል፣ ለቤተሰብ ስም ሌላ 30። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ (የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሚጻፍበት) መጠሪያውንና የመሃል ስሞቹን 26 ቦታ ባለው መስመር ላይ ያጭቃቸዋል። ከላይ የቆጠርነው ምሳሌ ያለ ቤተሰብ ስሙ ክፍተቱን ጨምሮ 26 ስለሚሆን ለጥቂት ይገባል። ሦስተኛ የመሃል ስም ስትጨምሩ ያልቅለታል።

የምትቆጥሩት ታዲያ በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጽጌሬዳ በእኛ አራት ፊደል ናት፤ ወደ ላቲን ስትሻገር ዘጠኝ ትሆናለች። በአማርኛ አጭርና ቀላል የመሰላችሁ ሦስት ስም እዚያ ባቡር ይሆናል። እግረ መንገዳችሁን የላቲን አጻጻፉን አሁኑኑ ቁረጡ። ያው ስም በሁለት በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ከጻፋችሁት ኮምፒውተር ፊት ሌላ ሰው ነው።

ሰረዝ ቦታ ይቆጥባል ብላችሁ እንዳትደክሙ። ማሽኑ መስመር ላይ ሰረዙ ወደ ክፍተት ምልክት ይለወጣል፣ ያንኑ አንድ ቦታ ይወስዳል። ደግሞም በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ስሞች እንደ አንድ ስም ነው የሚቆጠሩት። ነገ ልጁ አንዱን ብቻ ልጠቀም ቢል የግማሽ ስም ባለቤት ነው።

የትኛው ይቅደም?

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነው። የአያቴን ስም ሁለተኛ አደረግነው። ምክንያታችን ድምፁ ነበር፣ ሲጠራ እንደዚያ ያምራል። ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ ቦታ ሲጠብ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ከኋላ መሆኑን ነው። የመሃል ስምን በአንድ ፊደል ብቻ ጻፉ የሚል ቅጽም የመጀመሪያውን ፊደል ይወስዳል። እና አያቴ ከግማሹ ወረቀት ላይ የለችም። ባለቤቴ የመረጠችው ስም በየቦታው አለ። አልተጣላንም፣ ግን አልፎ አልፎ አነሳዋለሁ።

ስለዚህ፣ እንዲጠፋ የማትፈልጉትን ስም አስቀድሙ። ድምፁ ትንሽ ቢያንስም። አንድ የተለየ ነገር አለ፦ የእናቲቱን የቤተሰብ ስም እንደ መሃል ስም የምታስገቡ ከሆነ የተለመደው ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከቤተሰብ ስሙ ጎን። ግን መዝጋቢው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ባለ ሁለት ቃል የቤተሰብ ስም እንዳያደርገው በዓይናችሁ ተከታተሉ።

ትርፍ ስም ሥራ የሚሠራበት ጊዜም አለ። 41ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ ሁለት የመሃል ስም ነበራቸው። ሦስቱም ስሞች የእናታቸው አባት ስም ናቸው፣ እንዳለ ነው የተወሰደው። ልጃቸው ግን ጆርጅ ዎከር ብቻ ሆኑ፣ ኸርበርት ቀረ። በኋላ ልጅየውም 43ኛው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አባትና ልጅን ወረቀት ላይ የለያቸው ያ አንድ ስም ነው። ለልጃችሁ የራሳችሁን ወይም የአያቱን መጠሪያ የምትሰጡ ከሆነ ይህን አስቡበት፤ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ደብዳቤያቸውም ዕዳቸውም ይቀላቀላል።

የማንን ስም?

ብዙ ጊዜ የመሃል ስም የሚበዛው ከፍቅር ብቻ አይደለም። ወዲህ አያት አለች፣ ወዲያ አያት አለ፣ መሃል ላይ እናንተ። የአንዱን ሰጥቶ የሌላውን መተው ኩርፊያ ነው። ሁለቱንም መስጠት መፍትሔ ነው፣ አላፍርበትም፣ ሰላም የሚያወርድ ከሆነ ምን ችግር አለው። በ1884 እ.ኤ.አ. የተወለዱት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሃሪ ትሩማን ወላጆችማ ከዚህም ብልጥ ነበሩ። ከሁለቱ አያቶች አንደኛው ሺፕ የሚል ስም ነበረው፣ ሌላኛው ሶሎሞን። ሁለቱም በላቲን የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። እነሱም ያቺን አንዲት ፊደል ሰጥተው አረፉ። የሰውየው የመሃል ስም እስከ መጨረሻው ኤስ ብቻ ነበር። ለሁለት ስም ቦታ ያጣ ሰው ይህንንም ያስብ።

ስም ለማስገባት የኔ ፈተና ቀላል ነው። ልጄ አሥር ዓመት ሆኗት «ይሄ ስም ለምን ወጣልኝ?» ብትለኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር እመልስላታለሁ ወይ? «የአያቴ ስም ነው፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት» ጥሩ መልስ ነው። «ሲጠራ ደስ ስላለን» እሱም ያስኬዳል። «አክስትሽ እንዳትቀየም» ግን አይሆንም። የአክስቷ ቅያሜ በዓመቱ ይረሳል፣ ስሙ ይቆያል።

በሕይወት ያለ ጓደኛ ስም ላይ ቆም በሉ። ቤተሰብ ቢጣላም ቤተሰብ ነው። ጓደኝነት ግን ሊያልፍ ይችላል፣ ከዚያ የልጃችሁን ሙሉ ስም በጻፋችሁ ቁጥር ያንን ሰው ታስታውሳላችሁ።

ሌላ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካላችሁ የሚያምሩትን ስሞች ሁሉ የመጀመሪያው ላይ አትጨርሱ። የበኩር ልጅ አራት ስም ይዞ ታናሹ አንድ ብቻ ሲኖረው፣ ታናሹ ቆጥሮ ነው የሚመጣባችሁ። ልጆች ኬክ ሲቆረስ እንኳ ይለካሉ።

ጮክ ብላችሁ ጥሩት

ሙሉውን። ከመጠሪያው እስከ ቤተሰብ ስሙ። አንዴ በደንብ፣ አንዴ እንደተናደደ ወላጅ፣ አንዴ የምረቃ ቀን መድረክ ላይ እንደሚያነብ ሰው። የሚያደናቅፍ ቦታ ካለ ምላሳችሁ ይነግራችኋል። አንዱ ስም የሚያልቅበትና ቀጣዩ የሚጀምርበት ድምፅ አንድ ሲሆን ይዋጣሉ፤ ሳራ አማኑኤል ቶሎ ሲባል አንዱ «አ» የት እንደገባ አይታወቅም። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያልቁ ደግሞ ዘፈን ይሆናል፦ ሊያ ማያ ሶፊያ። ረጅምና አጭር ሲፈራረቅ ጆሮ ያርፋል።

ስሙ ሲረዝም ሰው እንደሚሳሳትበትም ተቀበሉ። ዲያና በ1981 እ.ኤ.አ. ዓለም በቴሌቪዥን እያያት ቃል ኪዳን ስትገባ፣ ቻርልስ ፊሊፕ አርተር ጆርጅ ማለት ሲገባት ፊሊፕን አስቀድማ ጠራችው። ልዕልት የምትሆን ሰው፣ የምታገባውን ሰው ስም! የትምህርት ቤት ጸሐፊማ ብትሳሳት ምን ይገርማል።

የመነሻ ፊደላቱንም በላቲን ጻፏቸውና እዩ። ስሞች ሲበዙ ፊደላቱ ተገጣጥመው ቃል የመሥራት ዕድላቸው ይጨምራል፣ የክፍል ጓደኞች ደግሞ ይህን ለማግኘት አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። የአሜሪካው ጄኔራል፣ በኋላም ፕሬዚዳንት፣ ግራንት ሲወለዱ ሃይረም ዩሊሲስ ግራንት ነበሩ። ሦስቱ መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ «ማቀፍ» የሚለውን ቃል ይሰጣሉ። በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ጦር ትምህርት ቤት የላካቸው የምክር ቤት አባል ስማቸውን ተሳስቶ ዩሊሲስ ኤስ ግራንት ብሎ አስመዘገባቸው። ስህተቱ እንደዚያው ቀረ። በአዲሶቹ ፊደላት፣ በዩና በኤስ፣ ምክንያት ደግሞ ጓደኞቻቸው ሳም አሏቸው፣ አጎት ሳም ከሚለው የአገራቸው ቅጽል ስም ወስደው። አንድ ሰው ቅጽ ላይ የሠራው ስህተት ይኸውና እስከ ዛሬ አለ።

በየትኛው ይጠራ?

የኔ ምክር፣ በየቀኑ የምትጠሩት ስም መጀመሪያ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ያለውን ትቶ በመሃል ስም የሚጠራ ሰው ዕድሜ ልኩን «ይቅርታ፣ በዚህ ስም ነው የምጠራው» እያለ ይኖራል። መኖር ግን ይቻላል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ውድሮ ዊልሰንና ካልቪን ኩሊጅ የምናውቃቸው በመሃል ስማቸው ነው፤ የመጀመሪያ ስማቸው ቶማስና ጆን ነበር።

የመሃል ስም መብዛት ለልጁ የሚሰጠው እውነተኛ ስጦታ ምርጫ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ሰባት ስም ነበራቸው፣ ቤተሰቡ የሚጠራቸው ግን በሰባተኛው፣ ዴቪድ ብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ሲተዉ የተተኩት ወንድማቸው አልበርት ፍሬድሪክ አርተር ጆርጅ ነበሩ። እሳቸውም አራተኛውን አንስተው ጆርጅ ስድስተኛ ሆኑ። የናንተ ልጅ ንጉሥ አይሆንም፣ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መጠሪያውን ቢጠላው ከናንተ እጅ የወጣ ሌላ ስም አለው። ከዚህ የተሻለ መጠባበቂያ አላውቅም።

ከተመዘገበ በኋላ

ልጃችን ሁለት ዓመት ሳትሞላ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ከዚህ በፊት እኔ ነበርኩ የምወስዳት፣ ሁሌም መጠሪያዋንና የቤተሰብ ስሟን ብቻ ነው የማስመዘግበው። ያን ቀን ባለቤቴ ሄደችና ሙሉውን ጻፈች። አዲስ ካርድ ወጣ። ነርሷ ስታየው ልጅቷ አንድም ክትባት አልወሰደችም። ባለቤቴ ስልክ ደውላ ባትጠይቀኝ የተወጋችውን ሁሉ እንደገና ልትወጋ ነበር። የክሊኒኩ ጥፋት አልነበረም፣ የኔ ነው። ሁለት ልጅ ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ አለን። የልጃችን ስም ሁለታችን ስልክ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፣ በአማርኛም በላቲንም፣ ልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል። ማናችንም ከጭንቅላታችን አንጽፍም። የመሃል ስም ሳጥን ካለ ሁለቱንም በክፍተት ለያይተን እዚያ እንከታለን። ሳጥኑ ከሌለ ከመጠሪያው ቀጥሎ። አንድ ፊደል ብቻ ከተጠየቅን የመጀመሪያውን። ቦታው አልበቃ ሲል ከኋላ ነው የምንቆርጠው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት። አያቶቿም ጋ ያው ጽሑፍ አለ፣ ቲኬት መቁረጥ የሚወዱት እነሱ ናቸው።

ቲኬት ካነሳን አይቀር፣ የምታስመዘግቡት ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን። የታተመው ቲኬት ላይ መጠሪያውና የመሃል ስሞቹ ያለ ክፍተት ተጣብቀው አንድ ረጅም ቃል ሆነው ብታዩ አትደንግጡ። ብዙ የአየር መንገድ መመዝገቢያ ክፍተቱን ይውጠዋል፣ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ያውቀዋል። የሚያሳስበው ፊደል ሲለወጥ ወይም የመሃል ስሙ በቤተሰብ ስም ቦታ ሲገባ ነው። ያኔ ቶሎ ደውላችሁ አስተካክሉ፣ ጉዞው ቀን ላይ አይሆንም።

ሁሉም ወረቀት ግን እኩል አያስጨንቅም። አሜሪካ ውስጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመሃል ስም የሕጋዊ ስም አካል ተደርጎ አይቆጠርም፣ እዚያ አንዱ ቢጎድል ዓለም አይገለበጥም። ልደት ምስክር ወረቀቱ ግን የሁሉም እናት ነው። ፓስፖርቱ ከእሱ ይቀዳል፣ ትምህርት ቤቱ ከእሱ ይቀዳል።

ስለዚህ የምዝገባው ቀን ስሞቹን በትልልቅ የላቲን ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። በቃል አትንገሩ፣ የመዝጋቢው ጆሮ የናንተን ስም አያውቀውም። የቱ መጠሪያ፣ የቱ የመሃል፣ የቱ የቤተሰብ እንደሆነ ጎን ለጎን ምልክት አድርጉበት። ከመፈረማችሁ በፊት የገባውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁና ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደል በፊደል አንብቡት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስታነቡ ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው፣ ስህተቱን ይዘለዋል። ከተፈረመ በኋላ ማስተካከል ማመልከቻ ነው፣ ክፍያ ነው፣ መመላለስ ነው። ሕፃኑ ካለቀሰ አንዳችሁ ይዛችሁት ውጡ፣ ሌላችሁ ግን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ከመስኮቱ እንዳትነሱ።